ሕፃኑን ከዜማ ጋር ስለ ማስተዋወቅ



እሑድ እሑድ ቅዳሴ አልቆ የሕፃናት ክፍል ትምህርት እስኪጀመር ድረስ ባለው ጊዜ፣ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ወላጆች በአዳራሹ ደጃፍ ቆመው ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ይህን ልጅ ዜማ ላስተምረው እፈልጋለሁ፤ ዕድሜው ደርሷል ወይ? በምንስ ልጀምርለት?» የሚል ነው። አንዲት እናት ክራር ገዝታ ግድግዳ ላይ ሰቅላ የልጇን ጣት ማደግ ትጠባበቃለች። አንድ አባት ዘመድ ከውጭ አገር የላከለትን ትንሽ ኦርጋን ከነካርቶኑ አልጋ ሥር አስቀምጦ «ያበላሸዋል ብዬ ፈራሁ» ይላል። ሌላው ደግሞ ገና አፉን በቅጡ ያልፈታውን ልጁን በገና ደርዳሪ ለማድረግ ቸኩሏል።

ጥያቄው መልካም ነው። መልሱን ግን እኛም ብንሆን ከመጀመሪያው አናውቀውም ነበር፤ ያወቅነውን ያህል ያወቅነውም አንድ ሕፃን ካስቀየምን በኋላ ነው። ስለዚህ ምክሩን ብቻ ሳይሆን ምክሩን ያስተማረንን ጥፋትም አብረን እንጽፋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጥምቀት በዓል ሲቃረብ ለሕፃናቱ ሁለት መዝሙር መርጠን ማስጠናት ጀመርን። ልጆቹ ከ5 እስከ 9 ዓመት የሆናቸው፣ ቍጥራቸውም 30 ያህል ነበር። ከመካከላቸው አንድ የ7 ዓመት ልጅ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣ፣ ግጥሙን በአንድ ቀን የሚይዝ፣ ድምፁንም ሳይሰስት የሚያወጣ ነበር። ዳሩ ግን ድምፁ ከዜማው ይወጣል። ሌሎቹ ከፍ ሲያደርጉ እርሱ ባለበት ይቀራል፤ ዝቅ ሲያደርጉ ደግሞ ከሥር አንድ ቦታ ያጕረመርማል። ብዙ ጊዜ አስደገምነው፤ አልሆነም። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ከእኛ አንዱ ጠጋ ብሎ «አንተ ድምፅ አታውጣ፤ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» አለው። «ከእኛ አንዱ» አልን እንጂ ሁላችንም እዚያው ነበርን። ሁላችንም ሰምተናል፤ ጥሩ መፍትሔ መስሎንም ዝም ብለናል።

ልጁ አላለቀሰም። በበዓሉ ዕለት ነጭ ልብሱን ለብሶ ከመካከል ቆሞ አፉን አንቀሳቀሰ። በሚቀጥለው እሑድ ቀረ፤ በሁለተኛውም ቀረ። በሦስተኛው እሑድ አያቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ብቻቸውን መጡ።

«ልጆቼ፣ ልጁ ቤት ውስጥ ዝም ብሎብኛል» አሉን። «ዕቃ ሳጥብ አብሮኝ ይዘምር ነበር። አሁን ‹እማማ፣ እኔ እኮ ድምፅ የለኝም› ይለኛል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ድምፅ የሌለው ልጅ አለ?»

የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። መቼም ያን ቀን ከእኛ መካከል የእርሳቸውን ዓይን ቀና ብሎ ያየ የለም።

ልጁ ለምን ከዜማው ወጣ?

መጀመሪያ የጠየቅነው ሙዚቃ የተማረች አንዲት እኅታችንን ነበር። እርስዋም ከብዙ ክርክር ይልቅ ልጁን ማየት ይሻለኛል ብላ አብራን ከቤታቸው ሄደች። ልጁ እኛን ሲያይ ከበሩ ኋላ ተደበቀ። እርስዋ ግን ስለ መዝሙር አንዲት ቃል አላነሣችም፤ «ጓደኛህ የት ነው? እስቲ ጥራልኝ» ብቻ አለችው። ልጁም ወደ አጥሩ ሮጦ ጎረቤቱን ልጆች በጨዋታ ጊዜ እንደሚጣሩት አድርጎ ስሙን እየጎተተ ተጣራ። ልብ ብለን ስንሰማው ጥሪው ዜማ ነበር፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና በመጨረሻው ትንሽ ዝቅ ይላል። እኅታችን ያችኑ ከፍ ያለችውን ድምፅ ይዛ፣ ከዚያው ከፍታ ላይ የመዝሙሩን አዝማች በቀስታ ጀመረች። ልጁ ሳያውቀው ተቀበላት፤ ያውም ሳይስት።

እኛ በድንጋጤ ተያየን። ለካስ ጉድለቱ የልጁ ሳይሆን የእኛ ነበር። መዝሙሩን የሚመራልን ወንድም ድምፁ ወፍራም ነው፤ የሚያነሣውም ለራሱ ጉሮሮ በሚመቸው ዝቅተኛ ድምፅ ነው። የሕፃን የድምፅ አውታር ግን አጭርና ቀጭን ነው፤ አጭርና ቀጭን አውታር ደግሞ ፈጥኖ ስለሚርገበገብ የሚያወጣው ድምፅ ከፍ ያለ ነው። ይህንንም ክራር የነካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወንድ ልጅም ሆነ ሴት ልጅ ድምፁ እስኪጎረምስ ድረስ በዚህ ረገድ ልዩነታቸው ጥቂት ነው። የ5 ወይም የ6 ዓመት ሕፃን ሳይጨነቅ የሚያዜመው በአምስት ወይም በስድስት ድምፆች መካከል ብቻ ነው። ከዚያ በታች ሲወርዱበት ያጕረመርማል፤ ከዚያ በላይ ሲዘሉበት ይጮኻል። አንዳንዱ ልጅ የጎልማሳውን ዝቅ ያለ ድምፅ ሰምቶ በራሱ ከፍታ ለውጦ ይቀበለዋል፤ አንዳንዱ ግን ያንኑ ዝቅታ ለመምሰል ሲታገል መንገዱ ይጠፋበታል። የእኛ ልጅ ከሁለተኞቹ ነበረ።

ስለዚህ ሕፃናትን የምናስዘምር ሁሉ ከመጀመራችን በፊት የሚገባን ሥራ የልጆቹን ከፍታ መፈለግ ነው። እኅቶች ቢያነሡላቸው ይቀላል። እኅት ከሌለች ከልጆቹ አንዱ እንዲያነሣ ማድረግና መሪው እርሱን መከተል ነው። መሪ ልጅን ይከተላል ወይ የሚለን ወንድም ቢኖር፣ አንድ እሑድ ይሞክረውና ውጤቱን ይስማ።

ድምፅን ማስቀደም የእኛ ብቻ ግኝት አይደለም። በሀንጋሪ አገር ዞልታን ኮዳይ የሚባለው ሙዚቀኛ (እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1967 የኖረ) የልጆች የሙዚቃ ትምህርት በመሣሪያ ሳይሆን በራሳቸው ድምፅ፣ ያውም ባገራቸው የሕዝብ ዜማ እንዲጀመር አጥብቆ ያስተምር ነበር። ልጆች በጨዋታ የሚጣሩባትን ያችን ከፍ ብላ ዝቅ የምትል ድምፅም ለመነሻ ይጠቀሙባታል። እኅታችን ያደረገችው ይህንኑ ኖሯል።

የኔታ የነገሩን

ከዚህ በኋላ በዕድሜ የገፉ አንድ የዜማ መምህር ዘንድ ሄደን «የኔታ፣ በእናንተ ጊዜ ሕፃን ዜማ የሚጀምረው እንዴት ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። ሳቁና «ዜማ እኮ አይጀመርም፤ ልጁ ሳያውቀው ገብቶበት ይገኛል» አሉን።

ነገሩን ሲያብራሩልን እውነት ሆኖ አገኘነው። በአብነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደል ሲቆጥር ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ድምፅ እየጮኸ፣ እየተወዛወዘም ነው። ከፊደልና ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ ሲሻገር ደግሞ ንባቡ ራሱ ደረጃ አለው፤ በመጀመሪያ ግዕዝ ንባብ፣ ቀጥሎ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ቁም ንባብ ይባላል። ግዕዝ ንባቡና ውርድ ንባቡ በዝግታ፣ እየተሳበና በዜማ መልክ የሚባል ነው። ከዚያም ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉትን የቃል አነሣሥና አጣጣል ለይቶ ይማራል። እንግዲህ ይህ ልጅ ወደ ዜማ ቤት ሲገባ ስለ ዜማ ማንም ምንም ሳይነግረው ጆሮው ተቃኝቶ፣ ትንፋሹ ተለክቶ፣ ከጓደኛው ጋር አብሮ መነሣትና አብሮ መጣልን ለምዶ ነው።

የምልክቱም ትምህርት ቢሆን ኋላ የሚመጣ ነው። ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ እየተባሉ ከቃሉ በላይ በትንንሹ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተደራጁት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት እንደ ሆነ ይነገራል። ቅዱስ ያሬድ የነበረው ደግሞ በ6ኛው መቶ ዓመት ነው። በመካከሉ ላለው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ዜማው ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ኖረ ማለት ነው። ታዲያ የ5 ዓመት ሕፃን ገና አንዲት አዝማች ሳይዝ የሙዚቃ ኖታ በሰሌዳ ላይ ጽፎ «ይህ ምን ይባላል?» ማለት ለምን ያስፈልጋል? ኖታ ጠቃሚ ነው፤ ግን ልጅ መጀመሪያ ይናገራል፣ ከዚያ በኋላ ይጽፋል።

ስለ ቅዱስ ያሬድ ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። ሁላችንም ለሕፃናት የምንተርከው የትሉ ታሪክ አለ። ያሬድ ገና ልጅ ሳለ ከአጎቱ ከጌዴዎን ዘንድ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ በግርፋቱም ተማርሮ ሲሸሽ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ አንድ ትልም ዛፉን ሊወጣ ስድስት ጊዜ ሞክሮ ሲወድቅ፣ በሰባተኛው ሲሳካለት አየ፤ ልቡም ተጽናንቶ ተመለሰ ይላል ትውፊቱ። እኛ ይህን ስንተርክ «እናንተም እንደ ትሉ ታገሡ» ብለን ልጆቹን እንመክራለን። ስለ አለንጋው ግን አናነሣም። የየኔታም አስተያየት ይኸው ነበር፤ «ትሉን ለልጆቹ ንገሯቸው፤ አለንጋውን ግን እናንተ አስቡት» አሉን። እርሳቸው ራሳቸው በልጅነታቸው ተገርፈው የተማሩ ናቸው። በዱላ የያዙት ዜማ ዛሬም ሲያዜሙት ጀርባቸውን እንደሚያሳክካቸው በፈገግታ ነገሩን፤ ፈገግታው ግን ቀልድ ብቻ አልመሰለንም።

ዕድሜው ስንት ይሁን?

ወላጆች ቍጥር ይፈልጋሉ። ለመሆኑ አንድ ቍጥር አለ? ታላላቆቹን ብንመለከት አንድ ዓይነት መልስ አናገኝም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (እ.ኤ.አ. በ1923 ተወልደው በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት) ወደ ስዊዘርላንድ ለትምህርት የተላኩት በ6 ዓመታቸው ሲሆን ቫዮሊንና ፒያኖ የጀመሩት እዚያ ነው። የበገናው መምህር ዓለሙ አጋ ግን በገናን መማር የጀመሩት በ12 ዓመታቸው፣ በሰፈራቸው ይኖሩ ከነበሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ዘንድ ነው። አንዱ በ6፣ አንዱ በ12 ጀምሮ ሁለቱም ከታላቅ ደረጃ ደርሰዋል።

በጃፓን አገር ሺኒቺ ሱዙኪ የሚባል የቫዮሊን መምህር (እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 1998) የጃፓን ሕፃናት ሁሉ አስቸጋሪውን የጃፓንኛ ቋንቋ ያለ ችግር መናገራቸውን አስተውሎ፣ ሙዚቃንም እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር ይቻላል ብሎ ተነሣ። የእርሱ መንገድ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ልጁ መሣሪያውን ከመንካቱ በፊት የሚማረውን ዜማ ቤት ውስጥ በየቀኑ እንዲሰማ ማድረጉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እናት ወይም አባት አብረው ትምህርት መግባታቸው ነው። ቫዮሊኑም ለሕፃን ክንድ በሚመጥን ልክ በትንንሹ ይሠራል። በ3 እና በ4 ዓመታቸው የሚጀምሩት ልጆች እንግዲህ ብቻቸውን የሚጀምሩ አይደሉም፤ ወላጅ አብሮ ይማራል። «ልጄን በ3 ዓመቱ ላስጀምር» የሚለን አባት ይህን ሁለተኛውን ነገር ሲሰማ ብዙውን ጊዜ ሥራ እንዳለበት ያስታውሳል።

እኛ የደረስንበት አስተያየት እንዲህ ነው። መስማት፣ ማጨብጨብና አብሮ ማዜም ዕድሜ የለውም፤ በእናት ጀርባ ላይ ታዝሎ ይጀመራል። መሣሪያ ግን የሰውነቱን ልክ ይጠይቃል፤ እንደ መሣሪያውም ይለያያል።

ከበሮ ለሕፃን የሚስማማው ከሁሉ በፊት ነው። ሆኖም ትልቁን የማኅሌት ከበሮ አንገቱ ላይ ማንጠልጠል አይገባም፤ ለቁመቱ የሚመጥን ትንሽ ከበሮ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ከበሮ ደግሞ የራሱ መዳፍና እግር ነው። በእኛ ክፍል ልጆቹ መጀመሪያ ዜማውን እየሰሙ በግቢው ይራመዳሉ፤ ቀጥሎ ያጨበጭባሉ፤ ምቱ በእግራቸው ከገባ በኋላ ከበሮውን በየተራ ይነካሉ። ተራ መጠበቁ ራሱ ትምህርት ነው፤ አንዳንድ እሑድ ከዜማው ይልቅ ያን ብቻ ተምረው ይሄዳሉ።

ዋሽንት ከሸምበቆ የሚሠራና አራት ቀዳዳ ያለው ስለ ሆነ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ትንፋሽን መለካትና ከንፈርን ማበጀት ይጠይቃል። የፊት ጥርሱ ወልቆ ገና ያልበቀለለት ልጅ ከንፈሩን ሲያበጅ ይቸገራል፤ ጣቱም በረጅሙ ዋሽንት ላይ ቀዳዳ ከቀዳዳ አይደርስለትም። ጥርሱ እስኪበቅል መታገሥና አጠር ያለውን ዋሽንት መምረጥ ይሻላል።

ክራርን 8 ወይም 9 ዓመት የሆነው ልጅ ሊታቀፈው ይችላል። አውታሩ አምስት ወይም ስድስት ነው። እዚህ ላይ ትልቁ ነገር ቅኝቱ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ እያሉ መቃኘት ጆሮ የበሰለ ሰው ሥራ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያው ዓመት ክራሩን ሁልጊዜ መምህሩ ወይም የሚያውቅ ሰው ሊቃኝለት ይገባል። ቅኝቱ በተበላሸ ክራር ላይ አንድ ወር የተለማመደ ልጅ ጆሮው የተሳሳተውን ይለምዳል፤ ያን ማስረሳት ደግሞ ከአዲስ ማስተማር ይከብዳል። ግድግዳ ላይ የሰቀሉት እናት ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። እስከዚያው ግን ክራሩን አውርደው ልጁ ቢነካካው ምንም አይጎዳም፤ አውታር ቢበጠስ ይተካል።

በገና ግን ይቆያል። ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ገበቴው፣ ሁለቱ ምሰሶዎች፣ ቀንበሩና አሥሩ አውታሮች አንድ ላይ ሆነው ተቀምጦ ለሚይዘው ሕፃን ከእርሱ የበለጠ ነገር ይሆኑበታል። አውታሩ ከበግ አንጀት የሚሠራ ሲሆን በብርኩማው ላይ ከየአውታሩ ሥር የምትገባው እንዚራ የምትባለዋ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ያን የሚታወቀውን ንዝረት የምትሰጠው ናት። እርስዋን በቦታዋ ማስቀመጥ ብቻ ትዕግሥት ይፈትናል። ከዚህም ሌላ በገና የጸጥታ መሣሪያ ነው፤ ለመሮጥ የተፈጠረ እግር ያለውን ልጅ ሰዓታት አስቀምጦ ማስደርደር በገናውን እንዲጠላው ያደርጋል። ሕፃኑ በገና ሲደረደር ከአጠገብ ተቀምጦ ይስማ፤ እንዚራዋን ያቀብል፤ ጣቱን አንድ አውታር ላይ አድርጎ ንዝረቱን ይስማው። ከ11 ወይም ከ12 ዓመት በኋላ ራሱ ይጠይቃል።

አልጋ ሥር ስላለው ኦርጋንም እንናገር። ለቤት ጨዋታና ለጆሮ ማለማመጃ ክፉ አይደለም፤ ቅኝቱ አይበላሽም፤ ልጁ ጣቱን ባሳረፈበት ሁሉ የጠራ ድምፅ ያገኛል። አባትየው አንድ ዘዴ ቢሞክሩ ደስ ይለናል። ልጁ ነጮቹን ቁልፎች ትቶ ጥቁሮቹን ብቻ ይምታ። ጥቁሮቹ ሁለትና ሦስት እየሆኑ የተደረደሩ አምስት ድምፆች ናቸው፤ ከሦስቱ ጥቁሮች ከመጀመሪያው ተነሥቶ ቢሄድ የሚሰማው የትዝታ ቅኝት ነው። የ5 ዓመት ልጅ ያገኘውን ሁሉ ቢመታ አይሳሳትም፤ ለጆሮውም የሚታወቀውን ያገኛል። ተጭነው ሲተዉት ራሱ ምት የሚመታውን ቁልፍ ግን በፕላስተር ይሸፍኑት፤ አለበለዚያ ልጁ ጨፋሪ እንጂ ተማሪ አይሆንም።

በቤት ውስጥ

ዜማ በሳምንት አንድ ቀን ሰንበት ትምህርት ቤት በመምጣት ብቻ አይያዝም። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት አስቀምጦ ከማሰልቸት በየቀኑ 10 ደቂቃ ይበልጣል፤ ለትንንሾቹ 5 ደቂቃም ብዙ ነው። ጊዜውም ከሌላ ሥራ ጋር ቢታሰር አይረሳም፤ ቡና ሲፈላ፣ ዕቃ ሲታጠብ፣ ጫማ ሲጠረግ። ዛሬ ስልክ በየቤቱ ስላለ መዝሙር ማሰማት ቀላል ሆኗል፤ ስክሪኑን ሳያይ፣ ጆሮው ብቻ እንዲሰማ ስልኩ በጀርባው ይቀመጥ። የራሱን ድምፅ ቀድቶ ማሰማትም ጥሩ ነው፤ ልጆች የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ በጣም ይስቃሉ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ሳይነገራቸው ያስተካክላሉ።

እንግዳ ሲመጣ «ና እስቲ ዘምርላቸው» ማለትን ብንተው እንወዳለን። ይህ በአገራችን እንደ ፍቅር የሚቆጠር ልማድ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ልጁ ራሱ ካልፈለገ በእንግዳ ፊት የተገደደባት ዜማ የመጨረሻው ልትሆን ትችላለች። «አፍሮ ነው» እየተባለ የሚሳቀውም ሳቅ ለጎልማሳው ተረስቶ ለልጁ የሚቀር ነው።

መጮኽን በተመለከተ እኛው ጥፋተኞች ነን። «ድምፅ! ድምፅ! አልተሰማም!» እያልን በማይክሮፎን ስናስጮኻቸው ኖረናል። ሕፃን ደጋግሞ ሲጮኽ የድምፅ አውታሩ ያብጣል፤ እየቆየም እንደ እባጭ ያለ ነገር ሊያበቅል ይችላል። ድምፁ ሳይጎነፋ ወይም ሳይታመም ሻክሮ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየበት ልጅ ሐኪም ሊያየው ይገባል። እንደዚሁም በራሱ ከፍታ ተነሥቶለት እንኳ ዜማውን ፈጽሞ የማይቀበል፣ ሲጠሩት የማይሰማ፣ «ምን?» ማለት የሚያበዛ፣ ወይም ጆሮው መግል የሚይዝ ልጅ ካለ ከመዝሙር ልምምድ በፊት ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሰነፍ ወይም ግትር የተባለ ልጅ ጆሮው ታሞ የተገኘበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደዚያ ልጅ እንመለስ።

ያን ቃል የተናገረው ወንድማችን ብቻውን ሄዶ ይቅርታ ጠየቀው። ልጁ «ምንም አይደል» ብሎ ጫማውን ጫማውን አየ። ከአንድ ወር በኋላ ከአያቱ ጋር መጣ፤ ሊዘምር ሳይሆን ከበሮ ሊነካ። ከበሮውን ሰጠነው። ምቱ እንደ ሰዓት የማይዛነፍ ሆኖ አገኘነው፤ ለሌሎቹም ምት የሚይዝላቸው እርሱ ሆነ። መዝሙሩንም የምታነሣው ያቺ እኅታችን ሆነች፤ ወፍራም ድምፅ ያለው ወንድማችን ከኋላ ተቀምጦ በቀስታ ይቀበላል። ከሦስት ወር በኋላ፣ እርስዋ በሌለችበት አንድ እሑድ፣ ከየት ከፍታ እንደምንነሣ ስንጨነቅ ልጁ ከበሮውን እንደ ያዘ «እንደዚህ ነው» ብሎ የመጀመሪያዋን ድምፅ ብቻ ሰጠንና ዝም አለ። ልክ ነበረ። ሁላችንም ከዚያ ተነሣን። እርሱ ግን አልተቀበለም፤ ከበሮውን መታ።

ብቻውን ቆሞ እስካሁን አልዘመረም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ባለፈው ሳምንት አያቱን መንገድ ላይ አግኝተናቸው «እማማ፣ ዕቃ ሲያጥቡ አሁንም አብሮዎት ይዘምራል?» አልናቸው። «ዕቃውን እኔ አጥባለሁ» አሉን፤ «እርሱ ከጓዳው በር ኋላ ቆሞ ነው የሚዘምረው። የማልሰማው መስሎታል፤ እኔም ውኃውን ቀስ አድርጌ ነው የማፈሰው።»